ፍላይ ፊሺንግ ምንድን ነው? ዝንቡን ለጊዜው ተዉት

ፍላይ ፊሺንግ ቃል በቃል "በዝንብ ዓሣ ማጥመድ" ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ "ፍላይ" ዝንብም መብረርም ነውና። ይሄን ስም ሳይ ድሮ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ፍላይ ፊሺንግ ከሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ስር አንዱ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ባሕር ላይ ዝንብ የለም። ስለዚህ ይሄ ለቱሪስት የተፈጠረ ትርኢት ነው።" ሌላው ሊያርመው ገባና ጭራሽ አባሰው። "ፍላይ ማለት እኮ መብረር ነው፤ በራሪ ዓሣ ማጥመድ ማለት ነው" አለ። ሁለቱም ላይክ በላይክ ሆነዋል። እኔ ጎንደር ተቀምጬ ስለ ዓሣ ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን ማለፍ አቃተኝ።

በራሪ ዓሣ የሚባል ፍጥረት አለ። ከዚህ ጋር ግን አይገናኝም። እሱን እዚህ ላይ ዘጋሁት።

የዝንቡ ጉዳይ ትንሽ እውነት አለበት። ኤሊያን የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ ስለ መቄዶንያ አጥማጆች ጽፏል። ሰዎቹ መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ፤ ከአውራ ዶሮ የተነቀለ ሁለት ላባ ያስሩበታል። ዓሣው ውኃ ላይ የምታርፍ ነፍሳት መስላው ይውጣታል። እውነተኛዋን ነፍሳት ለምን አልሰኩም? እጅ ሲነካት ትረግፋለቻ! እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያኔም ቢሆን ዝንብ አልነበረም፤ ላባ ነበር። በእንግሊዝኛ ያ የታሰረ ላባ "ፍላይ" ተባለ፣ ስሙም ቀረ። ዛሬ ባሕር ላይ "ፍላይ" የሚሉት ሽሪምፕ ይመስላል፣ ሸርጣን ይመስላል፣ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። በ1977 ባሃማስ ላይ ቦንፊሽ ለሚባለው ዓሣ የተሠራው ክሬዚ ቻርሊ የሚባል ፍላይ የቱንም ያህል ብታዩት ዝንብ አይመስልም።

"ባሕር ላይ ዝንብ የለም" ያለው ሰውዬ ዋናው ስህተቱ ግን ይሄ አይደለም። ፍላይ ፊሺንግን ፍላይ ፊሺንግ የሚያደርገው መንጠቆው ላይ ያለው ነገር ነው ብሎ ማሰቡ ነው። አይደለም። የሚወረወረው ክሩ ነው።

በተለመደው ዘንግ ክሩ ቀጭንና ቀላል ነው። ጫፉ ላይ እርሳስ ወይም ከባድ ማባበያ ታስራለህ፤ ክብደቱ ክሩን ጎትቶት ይሄዳል። በሲባጎ የታሰረ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው። አሁን ደግሞ የዶሮ ላባ ይዘህ ለመወርወር ሞክር። አፍንጫህ ስር ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩን ገለበጡት፤ ክሩን ወፍራምና ከባድ አደረጉት። ቁጥሩ የክብደት ደረጃ ነው፤ ቦንፊሽ የሚጠመድበት 8 ቁጥር ክር የመጀመሪያው 9 ሜትሩ ብቻ 13.6 ግራም ይመዝናል። አንተ ክሩን ትልካለህ፣ ላባው ተከትሎ ይሄዳል።

ለጎንደር ሰው ይሄን ለማስረዳት ጅራፍ ይበቃል። የቡሄ ጅራፍ እጀታው ጋ ወፍራም ነው፣ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ክር ያህላል። እጅህ የሰጠው ጉልበት ወፍራሙን አልፎ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ፍጥነት ይሆናል። የፍላይ ክርም እንዲሁ ነው፤ ወፍራሙ ክር፣ ከዚያ እየሳሳ የሚሄድ ግልጽ ክር፣ መጨረሻ ላይ ላባዋ። ስለዚህ "ዝንብ ስለሌለ ፍላይ ፊሺንግ አይደለም" ማለት "ቃጫው ቢጫ ስላልሆነ ጅራፍ አይደለም" እንደ ማለት ነው። ግልባጩም ይሠራል። እውነተኛ ዝንብ ይዘህ መንጠቆ ላይ ብትሰካና በእርሳስ ብትወረውራት፣ ይቅርታ፣ ፍላይ ፊሺንግ አይደለም።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። አምና ነሐሴ መግቢያ ላይ አዘዞ አካባቢ አንድ ሜዳ ላይ ዘንጌን ይዤ ውርወራ ስለማመድ ልጆች ከበቡኝ። ሁሉም ጅራፍ ይዘዋል። አንዱ ብዙ ካየ በኋላ "ጋሼ፣ ይሄ አይጮህም እንዴ?" አለኝ። ሳስበው ልጁ ከአስተያየት ሰጪው የተሻለ ጥያቄ ጠየቀ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከጮኸ ተበላሸ። ክሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሳይዘረጋ ቸኩለህ ወደ ፊት ከሳብከው ይጮኻል፤ በዚያው ቅጽበት ላባዋ ተቆርጣ ትቀራለች። ስለዚህ ወደ ኋላ ትልካለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ክሩ ሲዘረጋ እጅህ ላይ ይሰማሃል፣ ከዚያ ወደ ፊት። ጀማሪ የሚወድቀው እዚያ "ትጠብቃለህ" ላይ ነው።

ባሕር ላይ የሚለየው መጀመሪያ ነፋሱ ነው። ነፋስ ለመስበር ከባድ ክር ትይዛለህ። ጃይንት ትሬቫሊ ለሚባለው ጉልበተኛ 12 ቁጥር ነው፣ ያው 9 ሜትር 24.6 ግራም። ግራ እጅህም ሥራ አይፈታም፤ ዘንጉ ሲሄድ ክሩን ሳብ እያደረገ ፍጥነት ይጨምርለታል።

ሁለተኛው የወንዝ አጥማጅ ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። ወንዝ ላይ ዓሣ ሲነካህ ዘንግህን ቀና ታደርጋለህ። ባሕር ላይ እንዲህ ካደረግህ አለቀልህ። ዘንጉ ወደ ዓሣው እንዳመለከተ ይቆያል፣ ክሩን በግራ እጅህ ጠበቅ አድርገህ ትስባለህ። የብዙ የባሕር ዓሣ አፍ ጠንካራ ነው፤ የሚተጣጠፍ ዘንግ መንጠቆውን አይሰካልህም። ብትስተው እንኳ ላባዋ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብላ እዚያው ዓሣው ፊት ትቀራለች፣ ተመልሶ ሊመጣባት ይችላል። ዘንግ ካነሳህ ግን ከውኃው ወጥታ ሄደች። በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ትሪገርፊሽ የሚባል ዓሣ ፍለጋ የሄዱ ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል። ያ ዓሣ ሸርጣን የሚፈጭ ጥርስ አለው፤ መንጠቆ ያጣምማል።

ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ማታ በንጹሕ ውኃ ካላጠብከው ብዙም ሳይቆይ ዝጎ አልሽከረከርም ይልሃል። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ልበል።

ሌላም ያልተጠየቅሁት አለ፤ ሙያ ነውና አያስችልም። "ጣና ላይስ ይሠራል?" የሚሉኝ አሉ። ይሠራል። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው፣ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ትንሽ ዓሣ የሚመስል ላባ ይመታሉ። ነገር ግን በክረምት ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ መረብ ያፍሳቸዋል፤ የብርብራ ዛፍ ፍሬ እየወቀጡ ውኃውን የሚመርዙም አሉ። በዚያ ወቅት ዘንግም ቢሆን ይቀመጥ። በሌላው ጊዜ ዓሣውን ሳትጎዳ እንድትለቀው የመንጠቆህን እሾህ፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን፣ በፒንሳ ጨፍልቃት፣ ዓሣውን ከመያዝህ በፊት እጅህን አርጥብ። በደረቅ እጅ ከያዝከው የሚያሟልጨው ሽፋኑ ይላጣል።

ወደ አዘዞ ልመለስ። ልጁ ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ ዘንጉን ሰጠሁት። መንጠቆ የሌላት ለመለማመጃ የሠራኋት ላባ ነበረች፤ ካለፈው ፋሲካ አውራ ዶሮ አንገት ያስቀመጥኩት፣ ቀይ ነው። "ወደ ኋላ፣ ጠብቅ፣ ወደ ፊት" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ኋላ ላከው፣ አልጠበቀም። ሜዳው ሙሉ ጧ አለ። ልጆቹ በጭብጨባ አበዱ። እኔ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ ላባዬን ስፈልግ እሱ ከላዬ ቆሞ "ይጮኻል እኮ!" ይለኛል፣ "ጋሼ አያውቁበትም እንጂ።"