925 እና ጓደኞቹ፦ በብር ጌጥ ላይ ያሉ ማህተሞች ምን ይናገራሉ?

የብር ቀለበት ወይም አምባር ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩ ውስጡ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ታገኛላችሁ። ቁጥር፣ ፊደል፣ አንዳንዴም አንበሳ ወይም መልሕቅ። በብዛት የሚታየው 925 ነው። ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። የቀረው 75 እጅ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለብቻው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጣመማል። መዳቡ ያጠነክረዋል። ይህ ቅይጥ ስተርሊንግ ይባላል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ቁጥሩን ማን መታው የሚለው ነው። ሻጩ ራሱ ነው ወይስ ከሽያጩ የማይጠቀም ሌላ ወገን? መልሱ ከአገር አገር ይለያያል። ማህተሙም የሚታመነው በዚያው ልክ ነው።

በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ያለ ሥርዓት ካላቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1300 በንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን የወጣ ሕግ የብር ዕቃ ከስተርሊንግ ደረጃ እንዳይወርድ አዘዘ። ተፈትኖ ያለፈ ዕቃ የነብር ራስ ይመታበት ነበር። ነብር ይባል እንጂ ሥዕሉ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ አንበሳ ነው። በ1363 ሠሪውም የራሱን ምልክት እንዲያኖር ተደረገ። በ1478 የዓመት ፊደል ተጨመረ። ፊደሉ በየዓመቱ ይለወጣል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የዕቃውን ዕድሜ የሚያውቁት በእሱ ነው። መጀመሪያ የመጣው ግን ለሌላ ነገር ነበር። ጉድለት በኋላ ቢገኝ፣ በዚያ ዓመት ብሩን የፈተነው ኃላፊ ማን እንደነበረ ለማወቅና ለመጠየቅ ነው። በ1544 ደግሞ የሚራመድ አንበሳ መጣ። ይህ አንበሳ እስከ ዛሬ የስተርሊንግ ምልክት ነው።

በ1697 አንድ አስገራሚ ነገር ሆነ። የእንግሊዝ የብር ሳንቲምና የብር ዕቃ እኩል ጥራት ነበራቸው። ስለዚህ ሰው ሳንቲሙን ጠርዝ ጠርዙን እየቆረጠ፣ አንዳንዴም እንዳለ እያቀለጠ፣ ለብር ሠሪ ያቀርብ ነበር። መንግሥት ይህን ለማስቆም የዕቃውን ደረጃ ከሳንቲሙ በላይ ወደ 958 ከፍ አደረገው። ብሪታንያ የተባለችው የተቀመጠች ሴት ምስልም ማህተም ሆነች። በ1720 ስተርሊንግ ተመለሰ። 958 በፈቃደኝነት የሚሠራበት ደረጃ ሆኖ ቀረ።

የመልሕቁ ታሪክ ከበርሚንግሃም ነው። የከተማዋ ትልቅ አምራች ማቲው ቦልተን የብር ዕቃውን የሚያስፈትነው ቼስተር ድረስ እየላከ ነበር። በሠረገላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዕቃው ይዘገያል፣ ተጭሮና ተጣሞም ይመለሳል። እሱም ፓርላማውን ወተወተ። በ1773 በርሚንግሃምና ሼፊልድ የየራሳቸው ፍተሻ ቤት ተፈቀደላቸው። ለበርሚንግሃም መልሕቅ፣ ለሼፊልድ ዘውድ ደረሰ። ከባሕር የራቀች ከተማ መልሕቅ እንዴት ወሰደች? የሁለቱ ከተሞች ተወካዮች ለንደን ውስጥ «ዘውድና መልሕቅ» በሚባል መጠጥ ቤት ይሰባሰቡ ነበርና ምልክቶቹን ከዚያ ወስደው ተካፈሉ ይባላል። ሼፊልድ በ1975 ዘውዱን በጽጌረዳ ለውጣለች። የኤድንብራ ምልክት ግንብ ነው።

በአሁኑ የብሪታንያ ሕግ ከ7.78 ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ያለ ማህተም «ብር ነው» ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ግዴታ የሆኑት ሦስት ናቸው፦ ዕቃውን ያስፈተነው ሰው ወይም ድርጅት ምልክት፣ የጥራቱ ቁጥርና የፍተሻ ቤቱ ምልክት። አንበሳውና የዓመቱ ፊደል ከ1999 ወዲህ በፈቃድ ናቸው። የቁጥሩ ክፈፍም ራሱ መረጃ ነው። ለብር እንቁላል ቅርጽ ነው፣ ለፕላቲነም ደግሞ የቤት ጣሪያ ይመስላል።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። የመንግሥት ፍተሻ ቤት የለም። በ1906 የወጣው ሕግ የሚለው በአጭሩ፣ ጥራቱን ከጻፍክ እውነት ይሁን ነው። በኋላ በተደረገ ማሻሻያ የጥራት ቁጥር የሚመታ ሰው የንግድ ምልክቱንም ከጎኑ እንዲያኖር ተገደደ። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም አትላንታ የተገዛ ቀለበት ላይ አንበሳ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። እዚያ ዋሱ የድርጅቱ ስም ነው።

የታዋቂ ጌጥ አምራቾች ጽሑፎች ክብደት የሚኖራቸውም ለዚህ ነው። ቲፋኒ የስተርሊንግን ደረጃ የተቀበለው በ1851 ነው፤ ከሕጉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ከ925 ጎን የድርጅቱ ስም ይኖራል። በንድፍ አውጪዋ በኤልሳ ፔሬቲ ሥራዎች ላይ ደግሞ ፊርማዋ ይቀረጻል። «እባክዎ ለቲፋኒ ይመልሱ» የሚለው ጽሑፍም ጌጥ ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ የወጣው የቁልፍ መያዣ ተራ ቁጥር ነበረው። የጠፋ ቁልፍ ያገኘ ሰው ለሱቁ ቢመልሰው ባለቤቱ በቁጥሩ ይገኛል። ብዙ ሰው እጁ ላይ የሚያየው «ኤስ925 ኤ.ኤል.ኢ» ደግሞ የፓንዶራ ነው። ሦስቱ ፊደላት የመሥራቹ የፔር ኤኔቮልድሰን አባት፣ የአልጎት ኤኔቮልድሰን ስም ምህጻር ናቸው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። የፈረንሳይ ብር ላይ ከ1838 ጀምሮ የሮማውያን አምላክ የሚነርቫ ራስ አለ። የሠሪው ምልክት ደግሞ በአልማዝ ቅርጽ ክፈፍ ውስጥ ይገባል። የድሮ የጀርመን ብር ጨረቃና ዘውድ ከ800 ጋር ይይዛል። የድሮ የሩሲያ ብር ላይ 84 ብታዩ አትደንግጡ። ዞሎትኒክ የድሮ የሩሲያ መለኪያ ነው፤ ንጹሑ 96 ዞሎትኒክ ስለሆነ 84 ማለት 875 ነው። የሚዛን ምስል ከቁጥር ጋር ከሆነ በ1972ቱ የቪየና ስምምነት አባል አገሮች የሚጠቀሙበት የጋራ ማህተም ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ጽሑፎችም አሉ። ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ የሚል ካለ ከላይ ብር የተቀባ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። «አልፓካ» እና «የጀርመን ብር» የሚባሉት ደግሞ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ናቸው፤ ብር የሚባል ነገር የለባቸውም።

አሁን ወደ እኛ አገር። በባህላዊው የብር ሥራችን ማህተም መምታት እምብዛም የተለመደ አይደለም። የአንገት መስቀሉም፣ ድሪውም፣ አልቦውም ባዶ ነው። መስቀል ላይ በግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ ያሠራው ሰው ስም ወይም ጸሎት ነው እንጂ ስለ ብሩ ጥራት አይናገርም። ታዲያ ገዢ ምን ይዞ ያምን ነበር? ጠገራ ብርን፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበትን ማርያ ትሬዛን። የብዙው ጌጥ ጥሬ ዕቃ እሱ ነበር። ሰው ጠገራውን ራሱ ይዞ ለብር ሠሪው ይሰጣል፣ እሱም አቅልጦ ይሠራለታል።

ጠገራው ራሱ በጽሑፍ የተሞላ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። ከምስሏ ሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ የጉንዝበርግ ገንዘብ ማተሚያ ሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ ስም መነሻ ናቸው። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ይላል። ጠርዙን የፋቀ ሰው ፊደሎቹን ያጠፋልና ይታወቅበታል። የእኛ ሰውም ጠገራ ሲቀበል ዝም ብሎ አይወስድም ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት እንቁዎች ጎልተው ይታያሉ ወይ ብሎ አገላብጦ ያያል፤ የተፋቀውን ይመልሳል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ጥራቱ 833 ነው። 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአያቱን መስቀል በማሽን አስመርምሮ 925 ሳይሞላ ሲቀር «ለካ ፎርጅድ ነው» ይላል። ከጠገራ የተሠራ መስቀል ከየት አምጥቶ 925 ይሆናል? 833 ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ቢሆን የሚጠበቅ ነው፤ ብየዳውም ትንሽ ያወርደዋል። መጠርጠር ያለበት ተቃራኒው ነው። «የመቶ ዓመት ነው» የተባለ መስቀል ጀርባ ላይ ጥርት ያለ 925 ከተመታ፣ ወይ መስቀሉ አዲስ ነው፣ ወይ ማህተሙ በኋላ የመጣ ነው። ሻጩን ይህን ጠይቁት።

ማህተም የሌለውን መለየት የፈለገ መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋ። ብር አይሳብም። ባይሳብም ግን አይበቃም፤ መዳብና ናስም አይሳቡም። ቀጥሎ የሚታየው ብዙ የሚነካካው ቦታ ነው። ማንጠልጠያው ወይም ጠርዙ ቀላ ወይም ቢጫ ካለ ቅቡ ለቅቋል ማለት ነው። ቁርጥ ያለ መልስ የሚገኘው በኤክስሬይ መመርመሪያ ነው። ዕቃውን ሳይጭር የብሩን መጠን በመቶኛ ይናገራል። ይህም ቢሆን የሚያነበው የላዩን ስለሆነ ወፍራም ቅብ ሊያታልለው ይችላል።