በተከበበች ከተማ የነዋሪውን ሕይወት በቃል ታሪክ መመዝገብ፦ ከጅማ ሲታይ

ጦርነት የከበባቸውን ከተሞች ታሪክ በብዛት ጽፈው ያቆዩልን አዛዦች ናቸው። መንገዱ መቼ እንደተዘጋ፣ ድልድዩን ማን እንዳፈረሰ፣ ከተማዋ በስንተኛው ቀን እንደተያዘች ከእነሱ መዝገብ ይገኛል፤ ዱቄት ያለቀበት ቤት ምን በልቶ እንዳደረ፣ ሕመምተኛው የት እንደተወሰደ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ምን እንደተበደረ ግን አይገኝም። ይህን የሚያሟላው የቃል ታሪክ ነው፤ በዘመኑ የኖረን ሰው ጠይቆ፣ ድምፁን ቀድቶ፣ ቃሉን ወደ ጽሑፍ ገልብጦ፣ ከሌላ ማስረጃ ጋር አስተያይቶ ማቆየት ማለት ነው። ጅማ ስለ አሠራሩ ለመናገር ምቹ ቦታ ናት። በ1933 ዓ.ም. እሷም ዙሪያዋ ተዘግቶ ከርማለች፤ በጦር ታሪክ ውስጥ ያገኘችው ቦታ ግን ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትገባ፣ በጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ የሚመራው ጦር በደቡብና በምዕራብ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር የግቤን ወንዝ ለመሻገር ሲዋጋ፣ በገጠሩ አርበኞች መንገዱን ሲያስጨንቁ፣ ከተማዋ ወታደሩን፣ ቁስለኛውን፣ የጣሊያን ሲቪሎችንና ነባሩን ነዋሪ አንድ ላይ ይዛ ክረምት ገባባት። የተያዘችው ሰኔ 14 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ መያዝ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ወር ተኩል ያህል አለ፤ የከተማው ሰው ያሮጌው መንግሥት ትእዛዝ ሳይለቀው አዲሱም ሳይደርስለት የኖረው በዚህ ጊዜ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ይህ በጥብቅ ትርጉሙ ከበባ ነው ለማለት ያስቸግራል። ለጥቂት ወራት ቆይቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠው የጎንደር ምሽግ ጋር እንኳ የጅማ ሁኔታ አይተካከልም፤ በዙሪያዋ ያለው አገር እንሰትና በቆሎ፣ ማርና ቡና የሚያበቅል ነው፤ ቀለበቱም የሳሳ ነበር። ይሁን እንጂ የቃል ታሪክ ሰብሳቢ የሚጠይቀው ጥያቄ ከበባው ምን ያህል ጥብቅ ነበር የሚል አይደለም። ገበያው ይውል ነበር ወይስ ተቋርጦ ነበር? ከዋለ ለማን ዋለ?

አሠራሩ ወደ ሙሉ ቅርጹ የደረሰው ከሌኒንግራድ (ከዛሬዋ የሩሲያ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ) ነዋሪዎች በተሰበሰበው ምስክርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያቺ ከተማ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 እ.ኤ.አ. ለ872 ቀናት በጀርመን ጦር ተከባ ነበር፤ በ1941 መጨረሻ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የሚሰጠው የቀን ዳቦ 125 ግራም ብቻ ደርሶ ነበር። ይህ ቁጥር በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ደራሲዎቹ አሌስ አዳሞቪችና ዳኒል ግራኒን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መቅረጸ ድምፅ ይዘው ከበባውን ካለፉ ሰዎች ቤት ሲገቡ የሰሙት ግን ያ ዳቦ በቤት ውስጥ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ማን እንደጠበቀው፣ ወላጅ የትኛውን ልጅ አስቀድሞ ለማብላት እንደተገደደ ነው። የሶቪየት ሳንሱር ከሥራቸው ብዙ ቆርጦ አወጣ፤ መንግሥት የሚፈልገው ጀግንነትን እንጂ ረኃብ ሰውን የት ድረስ እንደሚያወርደው አልነበረም። ማንም ጠያቂ ይህን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ምስክሩ ለዓመታት በአደባባይ የሰማው ትረካ የራሱን ትዝታ ሸፍኖበት ሊሆን ይችላል።

የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ደግሞ ለሕፃናት ትዝታ በር ከፈተች። ከበባው ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 እ.ኤ.አ. ለ1,425 ቀናት ቆየ፤ በ1993 ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር የተቆፈረው ዋሻ የምግብና የመድኃኒት መግቢያ ሆነ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩት ካደጉ በኋላ አጫጭር ትዝታቸውን እንዲልኩ ተጠየቁ፤ ከዚያ በተነሣ ሥራ በ2017 እ.ኤ.አ. የጦርነት ዘመን ልጅነት ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ አንድ አሻንጉሊት ወይም አንድ ልብስ ከባለቤቱ ቃል ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዕቃን ይዞ መጠየቅ ለጅማም የሚስማማ መንገድ ይመስለኛል፤ በርጩማ፣ ጀበና ወይም ያረጀ የጣሊያን ሊሬ ኖት የያዘ ሽማግሌ ባዶ እጁን ከተቀመጠው ይልቅ ዝርዝር ይናገራል።

በጅማ የመጀመሪያው ችግር ጊዜን መቁረጥ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብለው የሚጠየቁ አዛውንት አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይመልሳሉ፤ «ከረመዳን በፊት ነው በኋላ?»፣ «ቡናው አብቦ ነበር ወይስ ተለቅሞ?»፣ «ዝናቡ ገብቶ ነበር?» ሲባሉ ግን መልሳቸው ይጠራል። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ቀን በሚቆመው ታላቅ ገበያው የታወቀ በመሆኑ፣ ሳምንቱን በገበያ መቁጠርም ይረዳል። ሁለተኛው መፈተኛ ገንዘብ ነው። ሰው ዋጋን ይረሳል፤ በምን እንደከፈለ ግን አይረሳም። ገጠሬው የጣሊያንን የወረቀት ሊሬ ሲጠራጠር በማሪያ ተሬዛ ብር፣ በተለምዶ ጠገራ በሚባለው፣ ይተማመን ነበር፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ። ስለዚህ «በዚያ ሰሞን ጨው በምን ገዛችሁ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሻጩ የትኛው መንግሥት ይጸናል ብሎ ያምን እንደነበር ያስረዳል። ይህን ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሻጭም፣ ከገዢም፣ ከአጓጓዥም መስማት ያስፈልጋል፤ የሦስቱ ቃል ሲለያይ ልዩነቱን እንዳለ መመዝገብ እንጂ ማስታረቅ የጠያቂው ሥራ አይደለም።

ቋንቋውም አንድ አይደለም። የጅማ ሰው ስለ ገበያና ስለ ቤተሰብ በአፋን ኦሮሞ፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ መንግሥት በአማርኛ ማውራት የለመደ ሊሆን ይችላል፤ በከተማው ውስጥ ዳውሮኛ፣ የምኛ፣ ካፊኛና ጉራጊኛ የሚናገሩ ቤተሰቦችም አሉ። ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ አማርኛ እየመለሱ መጻፍ ቀላል ቢመስልም የተናጋሪውን ማመንታት፣ ቀልድና እርግማን ያጠፋል። መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ መገልበጥ፣ ትርጉሙን ከጎኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

ዝናብም የራሱ ጣጣ አለው። በሰኔና በሐምሌ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀዳ ድምፅ ሲሰማ ከተናጋሪው ይልቅ ጣሪያው ይጮኻል፤ ቡና እየተወቀጠ የተቀዳውም እንዲሁ ነው። ልምድ ያለው ጠያቂ በክረምት ጠዋት ይሄዳል፤ ስልኩን ከረከቦቱ ሳይሆን ከተናጋሪው ደረት አጠገብ ያስቀምጣል፤ ቡናው እስኪቀርብ ሌላ ወሬ ያወራል።

ከሁሉም ከባዱ የስም ጉዳይ ነው። የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ አባ ጆብር በጣሊያን ዘመን ሱልጣን ሆነው ነበር፤ ያንን ዘመን የጅማ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት አድርገው አያስታውሱትም። ለአንዱ የመስጊድና የሥራ ዘመን ነው፤ ለሌላው የእስራትና የውርደት። ከጣሊያን ጋር የሠራ ሰው ልጆች ዛሬም አንዱ ሰፈር ውስጥ፣ ከአርበኛው ልጆች ጋር በአንድ ዕድር ይኖራሉ። «ባንዳ» የሚለው ቃል በተቀዳ ድምፅ ውስጥ ከሰው ስም ጋር ሲወጣ ሊያጣላ ይችላልና፣ ተናጋሪው ምን ለሕዝብ እንደሚገለጥ፣ ምን ለተወሰነ ዘመን እንደሚዘጋ ከቅጂው በፊትም በኋላም መጠየቅ አለበት። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ፈቃዱን ሲጀምሩ ብቻ ያስፈርማሉ፤ ይህ በቂ አይደለም፤ ሰው ምን እንደሚናገር የሚያውቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

በ1933 ዓ.ም. አሥር ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን አልፎ ወደ መቶ እየተጠጋ ነው። ስለዚህ አሁን ከጅማ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ከእናትና ከአባት የተሰማ ቃል ነው። ይህ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «አየሁ» እና «ሰማሁ» በመዝገቡ ላይ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። «አባቴ እንዳለው» ብሎ የጀመረ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «እኛ ሸሸን» ሲል ጠያቂው አቋርጦ ማን እንደሸሸ ማስለየት ይኖርበታል። የተሰማውን ቃል ለመመዘን ደግሞ የግቢና የመሬት ወረቀቶች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መዝገቦች፣ የድሮ ፎቶግራፎችና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የቀሩት የጣሊያን ሕንፃዎች ያግዛሉ፤ ሽማግሌን ሕንፃው ፊት አቁሞ «እዚህ ማን ነበር?» ማለት ብዙ ይከፍታል።

ሥራውን በቋሚነት ለመያዝ የሚችል ተቋም ጅማ ውስጥ አለ። በ1992 ዓ.ም. የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ቅርስን ያስተምራል፤ የከተማው ሙዚየምና በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጎብኚ የሚቀበሉ ቦታዎች ናቸው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲያልቅ ድምፁ በተማሪው ስልክ ላይ ከቀረና ስልኩ ከጠፋ፣ የሚተርፈው ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ዋናው ቅጂ በአንድ ቦታ፣ ግልባጩ በሌላ፣ የፈቃድ ወረቀቱ ከሁለቱም ጋር፣ የአንዱ ቅጂ ደግሞ ቃሉን በሰጠው ቤተሰብ እጅ እንዲሆን ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።