ያዘመመው ፊደል ቅንፉን ለምን ይነካል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ መመረቂያ ጽሑፍ ስታስጽፉ አይታችሁት ይሆናል። በኢታሊክ፣ ማለትም ወደ ቀኝ አዝምሞ፣ የተጻፈው የመጨረሻ ፊደል አናቱ ከቅንፉ ጋር ይጣበቃል። «ፋሲል ግንብ»ን በቅንፍ አስገብታችሁ ቃሉን ብቻ አዝምሙት፤ የ«ብ» ትከሻ ወደ ቅንፉ ይጠጋል። ጥፋቱ የጸሐፊዋ አይደለም።

እያንዳንዱ ፊደል የተመደበ ስፋት አለው። ሲያዘም አናቱ ከዚያ ስፋት ወደ ቀኝ ያልፋል። ቅንፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቦታ አይለቅለትም። ከርኒንግም (ጎን ለጎን ባሉ ፊደሎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያስተካክለው) አያድንም፤ የሚሠራው በአንድ ፎንት ውስጥ ነው፣ ኢታሊኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ፎንት ነው። የእኛ ፊደል ላይ ይብሳል። ብዙዎቹ ፎንቶች የራሳቸው ኢታሊክ ስለሌላቸው ዎርድ ቀጥ ያለውን ዝም ብሎ ያጋድመዋል። እኔማ ለአማርኛ ቦልድ ይሻለኛል።

ስፔስ መምታት አይረዳም፤ ክፍተቱ ይበዛል፣ ቅንፉም ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል። ይልቅ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ምረጡ። በዎርድ ኮንትሮልና ዲን ተጫኑ፣ አድቫንስድ ውስጥ ስፔሲንጉን (የፊደል ክፍተቱን) ኤክስፓንድድ (ሰፋ ያለ) አድርጉ። 1 ፖይንት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሙሉውን ቃል ከመረጣችሁ ይበታተናል።

በትዕዛዝ ጽሑፍ በሚያሰናዳው ላቴክ በሚባል ፕሮግራም ለሚጽፉ «ቴክስትአይቲ» (\textit) የሚለው የማዝመሚያ ትዕዛዝ ክፍተቱን ራሱ ይጨምራል። ከነጥብ (.) እና ከኮማ (,) በፊት ግን ይተወዋል፤ እነሱ ታች ስለሆኑ አይጋጩም።