የጤና መድን፦ ከመዝገብ እስከ መድኃኒት መጋዘን

ገጠር ውስጥ ሰው ጠና ብሎ ከታመመ በሬ ይሸጣል፤ በሬ ከሌለ ብድር ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ገብቷል። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚከብደው መዝገቡ ነው። ማን ከፈለ? ማን ሳያድስ ቀረ? ጤና ጣቢያው ስንት ሰው አከመ፣ ስንት ብርስ ይጠይቃል? ይህ ሁሉ በእጅ ሲሠራ ስህተቱም ክርክሩም አያልቅም። ካርድ ክፍልም ያው ነው። ካርዱ ከጠፋ አዲስ ይወጣል፤ ባለፈው ወር የታየው ላብራቶሪም እንደገና ይታዘዛል። ለሁለተኛው ምርመራ ወይ በሽተኛው ይከፍላል ወይ መድኑ።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «የመረጃ አብዮት» ያለው ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ስሙ ትንሽ ገነነ እንጂ ነገሩ ደህና ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያልፍበት ዲኤችአይኤስ 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ የነበረው የቤተሰብ ማህደርም ቀስ በቀስ ወደ ታብሌት እየገባ ነው። ኔትወርክ ባይኖርም ይመዘግባል፣ ሲገኝ ይልካል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክትባት የቀረውን ሕፃን እዚያው ታየዋለች። ክትባቱ ደግሞ ከሆስፒታል አልጋ በብዙ ይረክሳል።

ለእኔ ግን ዋናው መድኃኒቱ ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ታክሞ፣ መጨረሻ ላይ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባለ መድኑ ምን ሠራለት? የግል ፋርማሲ ሄዶ ከኪሱ ያወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ላያድስ ይችላል፤ አይፈረድበትም። አንዱ ጋ ያለቀው መድኃኒት ሌላው መጋዘን ውስጥ ጊዜው አልፎበት ሊወገድ ሲጠብቅ ደግሞ ያበሳጫል።

ለዚህ የተሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዳጉ ይባላል። ስሙ የአፋር ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ወሬው ከሰው ሰው በረሃውን ያቋርጣል። የጤና ተቋሙ ዳጉ ደግሞ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን መድኃኒት ይናገራል። ሁለት ካርቶን አሞክሳሲሊን ካለ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው የመድኃኒት ግብይትን ለኦዲት ክፍት የማድረግ አሠራርም የሚከተለው ይህንኑ ነው፤ ምን እንደተሸጠ፣ ምን እንደባከነ በቁጥር ይታያል።

መብራት ሲጠፋ ወደ ቢን ካርዱ፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በእጅ ወደሚጻፍበት ወረቀት፣ መመለስ ነው። ሲመጣ የመጋዘን ሠራተኛው በእስክሪብቶ የጻፈውን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል።