የሬዲዮ መጠሪያ ላይ ያለችው ቁጥር ምን ትነግረናለች?

አማተር ሬዲዮ ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎታቸው በራሳቸው ጣቢያ በሬዲዮ የሚገናኙበት ነው፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ በአየር ላይ የሚታወቅበት መጠሪያ አለው። በመጠሪያው መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት አገርን ይናገራሉ። ለአገራት የሚያከፋፍላቸው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። "ኢቲ" የኢትዮጵያ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የክበብ ጣቢያ "ኢቲ3ኤኤ" ይባላል። "ኬ"፣ "ኤን" እና "ደብሊው" ደግሞ የአሜሪካ ናቸው።

ሰውን ግራ የምታጋባው ከፊደላቱ ቀጥላ የምትመጣው ቁጥር ናት። አሜሪካ ውስጥ አካባቢን ታመለክታለች፦ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ 3፣ ቨርጂኒያ 4፣ ካሊፎርኒያ 6። ታዲያ 3 ያለበት ሰው ሁሉ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ አካባቢ ነው? በፍጹም! ቁጥሯ የምትሰጠው ፈቃዱ ሲወጣ በነበረው የፖስታ አድራሻ ነው። ሰውየው ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ቢገባ መጠሪያውን ቀይር የሚለው የለም። አዲሱን አድራሻ ፈቃዱን ለሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማሳወቅ ግን ግዴታው ነው።

በዚያ ላይ ከፍሎ የፈለገውን መጠሪያ የሚያወጣም አለ። ቴክሳስ ተቀምጦ የቨርጂኒያን 4 መያዝ ይችላል። እንደ ሃዋይና አላስካ ላሉት ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ የእነሱን መጠሪያ ለመምረጥ እዚያው አድራሻ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት ተገቢ ይመስለኛል፤ ሩቅ ቦታ ካሉ ጣቢያዎች ጋር ለመገናኘት የሚያሳድዱ አማተሮች ብዙ ናቸውና።

ስለዚህ በሬዲዮ ወደምታገኙት ሰው አንቴናችሁን ከማዞራችሁ በፊት ያለበትን ከተማ ጠይቁት።