ለጁን የትራውት ጉዞ ወንዝ ስትመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጁን መጀመሪያ ሳምንት ትኬት ቆርጠናል፣ የሎውስቶን ወንዝ ላይ እናጠምዳለን፣ የትኛው ቦታ ይሻላል?» የሚል መልእክት በየዓመቱ ይደርሰኛል። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ማረፊያው ተከፍሏል፣ የሥራ ፈቃድ ተወስዷል። ወንዙ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ግን ማንም አልጠየቀም። ሥራዬ ፍላይ ፊሺንግ ነው፤ ላባና ክር መንጠቆ ላይ ታስሮ በሚሠራ ሰው ሠራሽ ነፍሳት ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን ወንዝ ለወንዝ እመራለሁ። በአሜሪካ ሮኪ ተራሮች ስለሚደረገው የጁን ጉዞ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ላርማቸው።

«ጁን ከገባ ሰመር ነው፤ ወንዙም ዝግጁ ነው»

የሰውን ዕረፍት የሚያበላሸው ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ከሁሉም የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጁን በከተማው ሰመር ነው፤ ተራራው ላይ ግን በረዶው ገና እየቀለጠ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ ሲከመር የከረመው በረዶ በአብዛኛው ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው ወደ ወንዞቹ የሚወርደው። ያኔ ግድብ የሌለበት ወንዝ እንደ ክረምት ደራሽ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

የሎውስቶን ወንዝን እንውሰድ። ከየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከወጣ በኋላ ኮርዊን ስፕሪንግስ የሚባለው መለኪያ ጣቢያ ላይ በጁን ሙላቱ በሰከንድ ከ10,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ውሃ ያልፋል። ሴፕቴምበር ላይ ያው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 በታች ነው። ጁን 13 ቀን 2022 ደግሞ በሚቀልጠው በረዶ ላይ ከባድ ዝናብ ተጨምሮበት የወንዙ ከፍታ እዚያው ጣቢያ ላይ ወደ 14 ጫማ ተጠጋ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን በ1918 የተመዘገበው 11.5 ጫማ ነበር። ገባሩ ጋርድነር ወንዝም የፓርኩን ሰሜናዊ መንገድ ቆርሶ ወሰደው፤ ከ10,000 በላይ ጎብኚም ከፓርኩ እንዲወጣ ተደረገ። እንዲህ ያለው ጎርፍ በየዓመቱ አይመጣም፤ ድፍርሱ ውሃ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ድፍርስ ውሃ ውስጥ ትራውቱ የምትወረውሩለትን ነገር ማየት አይችልም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። እስከ ጉልበታችሁ ውሃው ውስጥ ግቡና ወደ ታች ተመልከቱ። የጫማችሁ ጫፍ የሚታይ ከሆነ ማጥመድ ይቻላል፤ የማይታይ ከሆነ ሌላ ወንዝ ፈልጉ። ውሃው ጭኖቻችሁን የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ውጡ። የበረዶ ቅላጭ ስለሆነ ጉልበቱም ቅዝቃዜውም ሰው ይገድላል።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ሁለት ወንድ ልጆቹን ይዞ ሞንታና ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለችው ሊቪንግስተን ከተማ ደረሰ። ወንዙ ቡና መስሎ እየፈሰሰ ነበር። ልጆቹ ዳር ላይ ቆመው ክሩን ሲወረውሩ የሚይዙት ቅርንጫፍና ሳር ብቻ ሆነ። መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተን ሚዙሪ ወንዝ ላይ፣ ሆልተር ግድብ ሥር ወረድን። እዚያ የወንዙ አልጋ ላይ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ቀኑ አንድ ነው፣ ክፍለ ግዛቱም አንድ ነው፤ የውሃው ምንጭ ግን ይለያል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ነው። በቀጥታ ከበረዶ የሚመጣ ከሆነ ከጁላይ በፊት አትመኑት። ከጥልቅ ግድብ ሥር የሚለቀቅ ከሆነ በጁን ጥሩ ምርጫ ነው። አይዳሆ ውስጥ እንዳለው ሲልቨር ክሪክ ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ከሆነ የበረዶው ሙላት ብዙም አይነካውም፤ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ያለና ሙቀቱም መጠኑም እምብዛም የማይዋዥቅ ነው።

ሌላው ሥራ ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በብዙ ወንዞች ላይ ያሉትን የመለኪያ ጣቢያዎች ንባብ በነጻ በኢንተርኔት ያወጣል። ግራፉን ስትከፍቱ መስመሩ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። በረዶው ከሰዓት በኋላ ይቀልጣል፤ ውሃው ሌሊቱን ተጉዞ ጣቢያው ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የየቀኑን ጫፍ ካለፈው ቀን ጫፍ ጋር አስተያዩ። ለተከታታይ ቀናት ዝቅ እያለ ከሄደ ወንዙ እየጠራ ነው። ከፍ ብሎ እየቀነሰ ያለ ወንዝ፣ ዝቅ ብሎ መጨመር ከጀመረ ወንዝ ሁልጊዜ ይሻለኛል። የሚቀጥሉት ሌሊቶች ቀዝቃዛ እንደሚሆኑ ትንበያው ካሳየ ደግሞ ተስፋ አድርጉ፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅላጩ ይቀንሳል።

«ውሃ ሲሞላ ዓሣው ይጠፋል»

የትም አይሄድም። ኃይለኛውን ወራጅ ሸሽቶ ከዳር አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከድንጋይና ከሥር ጀርባ ይደበቃል። ውሃው ጥቂት ከጠራ መሀሉን ትታችሁ ዳር ዳሩን አጥምዱ።

«ግድብ ያለበት ወንዝ የሞተ ወንዝ ነው»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮ ወዳዶች ናቸው፤ ቅንነታቸውንም አከብራለሁ። ግድብ ብዙ ነገር እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። ስለ ትራውት ስናወራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ የጥልቅ ሐይቅ ወለል በሰመርም ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ጥልቀት የሚለቀቅ ውሃ ጭቃውን ሐይቁ ውስጥ ጥሎ፣ ቀዝቅዞና ጠርቶ ይወጣል። ሞንታና ውስጥ ከየሎውቴይል ግድብ በታች ያለው ቢግሆርን ወንዝ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ድፍርስና ሙቅ ነበር፤ ዛሬ ሰው ከሩቅ አገር ለትራውት የሚመጣበት ሆኗል።

ቅዝቃዜውም ልክ አለው። ዩታ ውስጥ ፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ በ1964 ሲያልቅ ግሪን ሪቨር ላይ የሚለቀቀው ውሃ እያደር ከመጠን በላይ ቀዘቀዘና ትራውቱ ማደግ አቃተው። በ1978 ውሃው ከሐይቁ ከተለያየ ጥልቀት እንዲወሰድ ተደርጎ መግቢያው ተሻሻለ፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ዓሣውም አደገ።

ግድብ ሁሉ ውሃ ያቀዘቅዛል ማለትም ስህተት ነው። ማዲሰን ወንዝ ላይ በግድብ የተፈጠረው ኤኒስ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፤ ፀሐይ እስከ ወለሉ ድረስ ታሞቀዋል። ስለዚህ ከሐይቁ በታች ያለው ማዲሰን በሜይና በጁን መጀመሪያ ደስ የሚል ሆኖ ጁላይ ላይ ለትራውት የሚያስጨንቅ ሙቀት ይደርሳል። የጁን መጀመሪያ ጎብኚ ይህን ወንዝ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው፤ የኦገስት ጎብኚ ይተወው። በረዶ በበዛበት ዓመት ደግሞ ግድቦች ሲሞሉ ብዙ ውሃ ይለቃሉ፤ ፍሌሚንግ ጎርጅም በታችኛው ወንዝ ላሉት ለመጥፋት የተቃረቡ ነባር ዓሦች ሲባል በሜይና በጁን ሆን ተብሎ ከፍተኛ ውሃ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የግድቡን የልቀት መርሐ ግብር አንብቡ።

«ሲሞቅ ዓሣው ይነቃል»

እስከ አንድ ደረጃ እውነት ነው። ትራውት በደንብ የሚበላው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ ላይ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ የነበረው 20 ዲግሪ ላይ 9 ገደማ ይሆናል። ዓሣው ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ሁለቱ ተደማምረው ነው የሚጎዱት። 20 ዲግሪ ሲደርስ ታግሎ የተለቀቀ ዓሣ ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ እኔ እዚያ ላይ ዘንጌን እጠቀልላለሁ፤ የምመራቸውንም አስጠቀልላለሁ። በሞንታና የውሃው ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 73 ፋራናይት፣ ማለትም 23 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በዚያ ወንዝ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል። ቴርሞሜትር ከመንጠቆ ሳጥናችሁ እኩል አስፈላጊ ነው።

በዚህ ጉዳይ የምወደው ምሳሌ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ያለው ፋየርሆል ወንዝ ነው። ፍል ውሃና ጋይዘር (ሙቅ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ምንጭ) ይገባበታል፤ በጁላይና በኦገስት ትራውቱ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ቀዝቃዛ ገባሮች ይጠጋል። ሌሎቹ ወንዞች በበረዶ ውሃ በሚናጡበት በጁን ግን ያው ሙቀት ይጠቅመዋል፤ ቶሎ ይጠራል፣ ነፍሳቱም ቶሎ ይወጣሉ። ለጁን መጀመሪያ ፓርኩን ካልለቀቅን ለሚሉኝ ሁሉ የምመልሰው ፋየርሆል ብዬ ነው።

«ሳልመንፍላይ በዚህ ቀን ይወጣል»

ሳልመንፍላይ ትልቅ ነፍሳት ነው፤ ሆዱ ብርቱካናማ ሲሆን የሁለት የጣት አንጓ ያህል ይረዝማል። እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው ነፍሳት፣ ሦስትና አራት ዓመት ድንጋይ ሥር ኖሮ ውሃው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ዳር ተሳቦ ይወጣል፤ ትራውቱም ጥንቃቄውን ትቶ ይበላዋል። ሰዎች ያንን ሳምንት ለማግኘት ባለፈው ዓመት የተነሳ ፎቶ አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ። ነፍሳቱ የሚከተለው ግን የውሃውን ሙቀት ነው። በረዶ በበዛበት ዓመት ይዘገያል፣ ባነሰበት ይቀድማል። በአንድ ወንዝ ላይ እንኳ ከታች ጀምሮ በየቀኑ ወደ ላይ ይጓዛል።

ወንዙ ጋ ስትደርሱ የአኻያ ቅርንጫፎቹን ተመልከቱ። እጩ ከቆዳው ሲወጣ ባዶ ቅርፊቱን ግንዱ ላይ ተጣብቆ ይተወዋል፤ ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለው። ገና ለስላሳ ከሆነ ሰዓቱ ላይ ደርሳችኋል። ነክታችሁት የሚፈረፈር ከሆነና ቅጠሉ ላይ በሕይወት ያለ ነፍሳት ከሌለ አልፏችኋል፤ ወደ ላይ ንዱ። ምንም ቅርፊት ከሌለ ገና ነው፤ ወደ ታች ውረዱ።

«ታዋቂ ወንዝ ላይ ዓሣ መያዝ ቀላል ነው»

ተቃራኒው ነው። አይዳሆ ውስጥ ሄንሪስ ፎርክ ላይ፣ ሃሪማን ፓርክ ውስጥ ያለው ክፍል ጁን 15 ይከፈታል። ውሃው ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ዓሣውም ትልቅና ተጠራጣሪ ነው። ክር መወርወር በዚያ ሳምንት የሚጀምር ሰው እዚያ ሄዶ ተስፋ ይቆርጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ ፈጠን ያለ፣ ድንጋያማ ወንዝ ምረጡ፤ ዓሣው ለማሰብ ጊዜ የለውም።

«ዓሣ የሚጨመርበት ወንዝ ይበልጣል»

ሞንታና ማዲሰን ወንዝ ላይ በተደረገ ጥናት ከማርቢያ የመጣ ዓሣ ሲጨመር በወንዙ የተወለዱት ትራውቶች እንደሚቀንሱ ስላየች፣ በ1974 የራሳቸው ትራውት ባላቸው ወንዞች ዓሣ መጨመር አቆመች። ሰው ለማጥመድ የሚጎርፍባቸው ወንዞቿ ዛሬም ዓሣ ሳይጨመርባቸው ነው የሚኖሩት።

«ወንዝ የሕዝብ ነው፤ የትም ገብቼ አጠምዳለሁ»

ይህኛው ከፖሊስ ጋር ያገናኛችኋል። በሞንታና፣ በ1985 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በሕዝብ መግቢያ በኩል ከገባችሁ በኋላ እስከ መደበኛው የሙላት ምልክት ድረስ ባለው ወንዝ ውስጥ መሄድ ትችላላችሁ፤ አጠገቡ ያለው መሬት የግል ቢሆንም። የክፍለ ግዛቱን ድንበር አልፋችሁ ዋዮሚንግ ስትገቡ ግን የግል መሬት ውስጥ የሚያልፍ ወንዝ አልጋውም የባለቤቱ ነው። በጀልባ ተንሳፍፎ ማለፍ ይፈቀዳል፤ ወርዶ መቆምም ሆነ መልህቅ መጣል ግን አይፈቀድም። ስለዚህ ዋዮሚንግ ውስጥ በእግራችሁ ልታጠምዱ ካሰባችሁ የመሬት ባለቤትነት የሚያሳይ ካርታ ያዙ።

«አንድ ፈቃድ ካለኝ ይበቃል»

የክፍለ ግዛት ፈቃድ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ አይሠራም፤ ፓርኩ የራሱን ይሸጣል። ፋየርሆል፣ ከጊቦን ፏፏቴ በታች ያለው ጊቦንና ፓርኩ ውስጥ ያለው ማዲሰን ላይ የሚፈቀደው ፍላይ (ሰው ሠራሹ ነፍሳት) ብቻ ነው፤ መንጠቆው ጥርስ የሌለው መሆን አለበት፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ክብደትም ክልክል ነው። ሶሉ የፌልት (የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ) የሆነ የውሃ ጫማም ከ2018 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ከሌላ ወንዝ በሽታና ባዕድ ተሕዋስያን ይዞ ስለሚመጣ። የጎማ ሶል ያለው ግዙ፤ ከወንዝ ወንዝ ስትሄዱም አጥባችሁ፣ ደርቆ እንዲቆይ አድርጉት።