የአንገት ራጅ ምንድን ነው? ምን ያሳያል፣ ምንስ አያሳይም?

«አንገቴን ራጅ አንሡኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ማወቅ የሚፈልገው የሕመሙን ምክንያት ነው። ራጅ ግን በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው። ደሴ ውስጥ ራጅ ክፍል ስሠራ ከምሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ራጅ የሚለውን ስም የወረስነው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙም ጨረሮች ማለት ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ይህ ጨረር ሥጋን አልፎ ይሄዳል፤ አጥንት ላይ ሲደርስ ግን ብዙው ይቀራል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ አጥንት ነጭ፣ አየር ያለበት የመተንፈሻ ቱቦ ጥቁር፣ ጡንቻው ደግሞ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት፤ የቀጭኔም ያው 7 ነው። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ግን ራጅ ላይ አይታይም። የሚታየው እሱ የተቀመጠበት ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ ዲስኩ መሳሳቱን እንገምታለን። ነርቭና በአጥንቶቹ ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰርም እንዲሁ አይታዩም፤ እነሱን ለማየት በማግኔት የሚያነሣው ኤም አር አይ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሐኪሙ «ምንም የለም» ሲል «አጥንቱ ላይ ስብራትም ከቦታው መንሸራተትም አላየሁም» ማለቱ ነው እንጂ «አላመመህም» ማለቱ አይደለም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ ራጅ ብናነሣ አብዛኛው ላይ የአጥንት ማርጀት ይታያል፤ ከእነዚህ መካከል አንገቱን አንድም ቀን ያላመመው ብዙ ነው። «አጥንቱ ተበልቷል» የምትለውን ቃል ይዞ ወደ ቤት ሄዶ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ኮምቦልቻ በልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ወጣት፣ ወይም በጎን ተኝቶ አንገቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ራጅ አያስፈልገውም፤ ሕመሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል። ባጃጅ ተገልብጦበት፣ ከጣሪያ ወይም ከዛፍ ወድቆ፣ ወይም በጭንቅላቱ ተተክሎ አንገቱን ያመመው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ዕድሜው 65 ከሞላ። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከተጨመረበትም ሳይውል ሳያድር መታየት ነው። የአከርካሪ ቲቢ አንዳንዴ በአንገት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። በከባድ አደጋ ጊዜ ስብራት ከራጅ ሊያመልጥ ስለሚችል ሐኪሙ አጥንቱን በጨረር ንብርብር በንብርብር የሚያሳየውን ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከአደጋ በኋላ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት የሚሄድ ሰው አሁንም አለ። ወጌሻን አላቃልልም፤ የወለቀ ጣት የመለሱልኝ እነሱ ናቸው። አንገት ግን ጣት አይደለም። የተሰበረ የአንገት አጥንት ሲታሽና ሲጠመዘዝ ኅብለ ሰረሰሩን ሊቆርጠው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እጅና እግር አይታዘዝም። የወደቀውን ሰው አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ፣ ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ጋቢ ደግፋችሁ አምጡት።

ለራጁ መጾም አያስፈልግም፤ አያምምም፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ብረት ነክ ነገር ግን ሁሉ ይወልቃል፦ ሀብል፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ማተብ ላይ ያለ መስቀል፣ በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ። አንድ ጊዜ አንዲት እማማ ከኮምቦልቻ መጡ። ሁሉንም አውልቀው አነሣኋቸው። ፊልሙ ሲወጣ አራተኛው አጥንት ላይ ደማቅ ነጭ መርፌ ቁልፍ ተጋድማለች፤ ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር የያዘችው ነበረች። ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። «አብሽር ልጄ፣ እኔም ለምጃት ረሳኋት» አሉኝ፤ እኔን ማጽናናታቸው ነበር። እንደገና ተነሡ።

ከዚያ ከፊት፣ ከጎን፣ አንዳንዴም በተከፈተ አፍ እናነሣለን። ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያስገርማል፤ «ጥርሴን መች አመመኝ?» ይላሉ። ከላይ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች መንጋጋና ጥርስ ስለሚጋርዳቸው በአፍ በኩል ካልሆነ በደንብ አይታዩም። ሰው ሠራሽ ጥርስም ለዚሁ ይወልቃል። ከጎን ሲነሣ ደግሞ ትከሻን ወደ ታች መልቀቅ ነው፤ ትከሻው የሰፋ ሰው ሰባተኛው አጥንት ይደበቅበታል።

ጨረሩስ? የአንገት ራጅ መጠኑ ወደ 0.2 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው። የዓለም ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ይቀበላል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ያህል መሆኑ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሰማዩ ጨረር ስለሚጨምር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠው ደሴ ከኮምቦልቻ ትንሽ ይበልጣል፤ ለዚህ ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ግን አላየሁም። ጨረሩ ሰውነት ውስጥ አይቀርም። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ማሕፀን ከአንገት ሩቅ ቢሆንም ማወቃችን ይበጃል።

አንዳንዴ የምንፈልገው አጥንቱን አይደለም። ሕፃን ሳንቲም ሲውጥ፣ ወይም በደጋው የምናውቀው እንቅርት አድጎ የመተንፈሻ ቱቦውን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው፣ ያው ራጅ ይህንንም ያሳያል።

ከኮምቦልቻ ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ደሴ ስትመጡ ፊልሙን ይዛችሁ ኑ። የቆየ ካለም አብራችሁ፤ ሐኪሙ ጎን ለጎን አድርጎ ምን እንደተለወጠ ያያል። ከፍራሽ ሥር አትክተቱት፤ የታጠፈ ፊልም እጥፋቱ አንዳንዴ ስብራት ይመስላል።